ጆሮ ያለው ይተኩስ

አገራችን ለተኳሽ ያልሰጠችው ነገር የለም። ፉከራ ሰጥታዋለች፣ ቀረርቶ ሰጥታዋለች፤ አንበሳ ገድሎ ሲመጣ ጎፈሩን አልብሳ በእልልታ ተቀብላዋለች። ዝሆን የገደለ እንደሆነ ደግሞ በድሮው ሥርዓት በጆሮው የወርቅ ጉትቻ ያንጠለጥል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ጉትቻው የተሰቀለበት ቦታ ነው። ጠመንጃው ከጆሮው ውስጥ የወሰደበትን አገር ከውጭ በወርቅ ስትክሰው! ጉትቻው ሲያብለጨልጭ ሌላው ሰው ያይለታል፤ ሲንሿሿ ግን ባለቤቱ አይሰማውም።

ስለ አዳኝ ዓይንና ስለ አዳኝ ልብ ብዙ ተፎክሯል። «ጆሮዬ ደህና ነው!» ብሎ የሸለለ ጀግና ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እንዲያውም ትንሽ መደንቆር ለሽማግሌ ተኳሽ ማዕረግ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርተው «አቤት» የማይሉ አዛውንት ስናይ «እሳቸው እኮ ብዙ የተኮሱ ናቸው» እንላለን። ከዚያ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

አጎቴ ከነዚህ ባለማዕረጎች አንዱ ናቸው። ልጅነታቸው ጎንደር ቆላ ውስጥ ነው። ከርከሮ ማሽላውን እንዳይጨርሰው ሌሊት ማማ ላይ እያደሩ፣ በአባታቸው ምንሽር እየተኮሱ አደጉ። ጎልማሳ ሲሆኑ መድፈኛ ሆነው ኦጋዴን ዘመቱ፤ 1970ን ከመድፍ ጎን ቆመው አሳለፉት። መድፍ ሲተኮስ አፍን ከፍቶ ጆሮን በመዳፍ መያዝ እንደሚገባ ያኔ ተምረዋል። «ትምህርቱስ ጥሩ ነበር» ይላሉ፤ «ነገር ግን በሁለቱም እጄ የመድፍ ጥይት ይዣለሁ። ጆሮዬን በምኔ ልያዘው?»

ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን አሜሪካ። ዛሬ ከዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ በምትባለው ከተማ ይኖራሉ። ኮሎራዶ የኤልክ አገር ነው። ኤልክ የአጋዘን ወገን ሆኖ ወንዱ 300 ኪሎ የሚደርስ አውሬ ነው፤ በመኸር ከተራራው ይወርድና መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ያያል። አጎቴ ይህን እያዩ አርፈው ሊቀመጡ አልቻሉም። ጡረታ እንደወጡ «አደን ልሄድ ነው» አሉ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊመክራቸው ቢሞክርም፣ የሚመክሯቸውን ግማሹን አልሰሙትም፤ ግማሹንም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ያቆማቸው ሕጉ ነው። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝ ትምህርት ማስረጃ ሳይይዝ የአደን ፈቃድ መግዛት አይችልም። ከዚያ በፊት የተወለደውን «አንተስ ታውቃለህ» ብለው ይተዉታል። አጎቴ የተወለዱት መቼ እንደሆነ እናታቸው እንኳ የሚያውቁት በአዝመራ ነው። ካርቱም ላይ ቅጽ የሞላላቸው ጸሐፊ ቀኑን ቢጠይቃቸው «እህል ሲታጨድ» አሉት። እሱም እንደ ብዙዎቻችን ስደተኞች ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈላቸው፤ ዓመቱን 1949 አደረገው። ስለዚህ በአንዲት ሌሊት ሕጉ ውስጥ ገቡ። ጸሐፊው ብዕሩን ትንሽ ቀደም አድርጎ ቢያሳርፈው ኖሮ ዕውቀታቸው በልደታቸው ይታመንላቸው ነበር።

እናም ኦጋዴን የዘመቱት መድፈኛ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጎን ተቀምጠው አፈሙዝ ወደ ሰው እንደማይዞር፣ ጣት ከቃታው ላይ ቀድሞ እንደማያርፍ ተማሩ። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ። መምህሩ የስፖንጅ ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ «ይህን ጆሯችሁ ውስጥ ሳታደርጉ አትተኩሱ» ሲል ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። ወደ እኔ ዞረው፣ ልጆቹ በሙሉ በሚሰሙት ሹክሹክታ፣ «ውታፍ የጋን ነው እንጂ የሰው አይደለም» አሉኝ። ከዚያም ዋናውን ክርክራቸውን አመጡ፦ «ደግሞስ ለኔ ጆሮ? እሱ ከሞተ ቆይቷል። የሞተ ምን ይሆናል ብለህ ትጠብቀዋለህ?»

ይህ ክርክር የአጎቴ ብቻ አይደለም። ጆሮው የተጎዳ ተኳሽ ሁሉ፣ አበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ መጨረሻ ላይ የሚሸሸግባት ምሽግ ይህች ናት። ለመስማት ያህል ምክንያት ትመስላለች። እኔ ግን እላለሁ፦ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ጅብ የበላበት ገበሬ የቀረውን ውጭ አያሳድረውም፤ እንዲያውም ከቤት አስገብቶ ከራስጌው ያስረዋል። ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው «በሬ ያርሳል፤ ይህ ጆሮ ምን ይሠራልኛል?» አሉ። ምን እንደሚሠራላቸው ያወቁት በኋላ ነው።

ሐኪሞች እንደሚሉት በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ከታምቡሩ ማዶ፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚልኩ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ቁጥራቸው ከ15,000 እምብዛም አይበልጥም። ለዕድሜ ልክ የተሰጠን ይኸው ነው። ቢሞቱ ሌላ አይበቅልም። ይህ እንግዲህ የሰውና የአጥቢዎች ሁሉ ዕጣ ነው። ዶሮ ግን ሌላ ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. በ1988 ተመራማሪዎች የወፎች ጆሮ በጩኸት የሞቱበትን ሴሎች መልሶ እንደሚያበቅል በጽሑፍ አሳወቁ። የፋሲካዋ ዶሮ ቢላዋ እስኪመጣባት ድረስ አዳዲስ ሴሎች ታበቅላለች፤ አራጇ ደግሞ በየዓመቱ እየደነቆረ ይሄዳል። እግዚአብሔር ለምን እንዲህ እንዳደረገው እኔ አልጠይቅም። አጎቴ ግን ዶሮ ወጥ ሲቀርብ «እስቲ ከፈውሷ ትንሽ ይድረሰኝ» ማለት ጀምረዋል። አይደርስም።

የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል፤ ዴሲቤል ደግሞ እንደ ብር የሚቆጠር አይደለም። 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ይሆናል። ተቀምጠን ስንጫወት 60 ገደማ ነው። ፋብሪካ ውስጥ 85 ከሆነ የአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩበት ይላሉ። እንደ ተኩስ ያለ ቅጽበታዊ ድምፅ 140 ሲደርስ ግን ሰዓት መቁጠር ይቀራል፤ አንዲቷ ብቻ ትበቃለች። ለልጆች መለማመጃ የምትሰጠው፣ ካሊበር 22 የምትባለው ቀጭኗ ጠመንጃ እዚያ አካባቢ ትደርሳለች። ትልቅ አውሬ የሚታደንበት ጠመንጃ 160 አካባቢ ነው፤ ያልፋልም። ከቀጭኗ ጋር ልዩነቱ 20 ቢሆን ጉልበቱ 100 እጥፍ ነው ማለት ነው።

«ተፈጥሮ መከላከያ አልሰጠችንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሰጥታናለች። ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ መሐል ጆሮ ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ተኮማትራ ድምፁን ታለዝበዋለች። ችግሩ ጡንቻዋ እስክትነሣ ተኩሱ አልቋል። ለቀብር ከተዝካሩ ቀን በኋላ እንደሚደርስ ዘመድ ናት ልል አሰብኩና ተውኩት፤ የበሬው ምሳሌ ይበቃል።

አዳኞች አንድ ሌላ ነገር ይላሉ፤ እውነትም ነው፦ አውሬው ፊታቸው ቆሞ ሲተኩሱ ድምፁ አይሰማቸውም። ልባቸው ያለው አውሬው ላይ ነው። ስላልተሰማቸው ያልጎዳቸው ይመስላቸዋል። ሴሎቹ ግን ከባለቤቱ ልብ ጋር አብረው አይሸፍቱም፤ የመጣውን ሁሉ ቆመው ይቀበላሉ።

የጉዳቱ አመጣጥ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ተኩስ መጀመሪያ የሚያጠፋው ቀጫጭኑን ድምፅ የሚሰሙትን ሴሎች ነው። ወፍራሙ ይቀራል። ስለዚህ ሰውዬው «አልሰማም» አይልም፤ «ይሰማኛል፣ ሰዎች ግን ዛሬ ዛሬ አፋቸው ውስጥ ያጉተመትማሉ» ነው የሚለው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ በቀጭኑ በኩል ያሉ ድምፆች ናቸው፤ እነሱ ሲጠፉ የቃሉ አጥንት ይወጣና ሥጋው ብቻ ይደርሰዋል። አንድ ጠዋት ባለቤታቸው መጋረጃውን ከፍተው «ፀሐይ ወጣ» ቢሏቸው፣ አጎቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ስኳሩን ቀነስ» አሉ። ክሊኒክ ውስጥ የምታስተረጉመው ልጅ «የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል» ብትላቸው «ስንት?» አሏት። «ሽንት» አለች። «እኮ ስንት?» እንዲህ ሲባባሉ ፈረንጁ ሐኪም ነገሩ ከባድ የሃይማኖት ጉዳይ መስሎት ከክፍሉ ወጣላቸው።

የሴትና የሕፃን ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው። አጎቴ የጓደኞቻቸውን ወሬ ይሰማሉ፤ የባለቤታቸውን ትእዛዝ አይሰሙም። ይህን ለባለቤታቸው፣ ለእትዬ፣ በሳይንስ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «አዎ» አሉኝ፣ «ገንዘብ ስጠይቅ ነው ሳይንሱ የሚነሣበት።»

ግራ ጆሯቸው ከቀኙ ይብሳል። ይኸም ምክንያት አለው። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ራሱን ወደ ሰደፉ ሲያዘነብል ግራ ጆሮው ለአፈሙዙ ይጋለጣል፤ ቀኙን የገዛ ራሱ ይከልልለታል። ጉዳዩ ኑሮ ውስጥ የሚገባው መኪና ላይ ነው። አጎቴ ሲነዱ እትዬ በቀኛቸው፣ በደህናው ጆሮ በኩል ይቀመጣሉ። ሲነዱ የኖሩት አጎቴ አንድ ቀን በድንገት «እርጅና መጣ፣ ከእንግዲህ አንቺ ንጂ» ብለው ቁልፉን አስረከቡ። ቤተሰቡ በትሕትናቸው ተገረመ። ቦታው ሲለዋወጥ የትኛው ጆሮ በየት በኩል እንደሚውል ያሰላሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእትዬም እስከዛሬ አልተናገርኩም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት ይነሣ። ብዙ ሰው «ደንቆሮ ጩኸት አይጎዳውም» ይላል። የተጎዳ ጆሮ ግን ጋሻ አይደለም። ዝቅ ያለውን ድምፅ አይሰማም፤ ከፍ ያለው ሲመጣ ግን እንደ ደህናው ጆሮ፣ አንዳንዴም ብሶ ይሰማዋል። በመሐል ያለው ደረጃ ነው የጠፋው። ስለዚህ አጎቴ «ምን አልክ? አልሰማሁም፣ ጮክ በል!» ይላሉ። ጮክ ትላለህ። «ምን ያስጮህሃል! ደንቆሮ መሰልኩህ?» ይሉሃል። ቤተሰቡ ይህን አመል ብሎት ሲኖር በሽታው ስም ያለው ሆኖ ተገኘ።

ሌላው የጆሮ መጮህ ነው። እኛ ዘንድ ጆሮ ሲጮህ «ሰው እያማኝ ነው» ይባላል። በዚህ ሂሳብ አጎቴን አገር በሙሉ ከ1970 ጀምሮ ያለ ዕረፍት ሲያማቸው ኖሯል። በአሜሪካ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚከፍልባቸው ጉዳቶች በብዛት አንደኛው ይኸው የጆሮ ጩኸት ነው። የአጎቴ ጎረቤትም ቬትናም የዘመተ ሽማግሌ ነውና ከተካሾቹ አንዱ ነው። የሁለቱ ወዳጅነት የሚያስቀና ነው። አንዱ ስለ ቬትናም ዝናብ ያወራል፤ ሌላው ስለ ኦጋዴን አቧራ ይመልሳሉ። አንዱም የሌላውን አይሰማም፤ ተጣልተውም አያውቁም። አጎቴን ወደ አደን የሳበው እሱ ነው። ያዳናቸውም እሱ ነው፤ የልደት ስጦታ ብሎ፣ በዚያችው በጃንዋሪ 1፣ ባትሪ ያለው የጆሮ መከላከያ ሰጣቸው።

ስለዚህ ዕቃ ትንሽ ላውራ፤ የአደንና የተጎዳ ጆሮ ጠብ የታረቀው በሱ ነውና። አዳኝ ጆሮውን መሸፈን የሚጠላው በትዕቢት ብቻ አይደለም። ጫካ ውስጥ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ ጭራሮ ሲሰበር፣ ጓደኛው ሲጠራው መስማት አለበት። ተራውን መከላከያ ከደፋበት ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ስለዚህ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። አውሬው ብቅ ሲል ደግሞ ማን ጊዜ አለው? ባለባትሪው ግን በውጭ በኩል ማይክራፎን አለው። ዝቅ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ያስገባል፤ ከ82 ወይም ከ85 ዴሲቤል ያለፈ ሲመጣ በቅጽበት ይዘጋል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ አይወልቅም። ደህና የሚባለው ከ50 ዶላር ጀምሮ ይገኛል፤ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅም አለ።

አጎቴ በመጀመሪያ አልፈለጉትም። እምቢ ላለማለት ብቻ፣ ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ላይ አደረጉት። እዚያ ተኩስ ሊጀመር ሲል ተቆጣጣሪው «ሜዳው ሞቋል!» ብሎ ይጮኻል፤ ሲቆም «ቀዝቅዟል!» ይላል። አጎቴ እንግሊዝኛውን ይችላሉ፤ «ሞቋል» ሲባል ግን ዙሪያቸውን አይተው «ኧረ እኔስ በርዶኛል» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ፤ መከላከያውንም ከጋቢው በላይ አደረጉት። ይህ ደግሞ ትልቁ ጥፋት ነው። በጆሮና በመከላከያው መካከል ጋቢ፣ የብርድ ኮፍያ፣ ወፍራም የመነጽር እጀታ ከገባ ድምፁ በዚያው ይሾልካል። ሰደፉም ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ትልቁን መከላከያ ይገፋዋል፤ ለጠመንጃ የሚሆነው ቀጠን ያለው ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ በአክብሮት አስተካከለላቸውና ከውስጥ የስፖንጁን ውታፍ እንዲጨምሩ ነገራቸው። በተሸፈነ ሜዳ፣ በተለይም ግድግዳው ድምፅ በሚመልስበት ቤት ውስጥ፣ ሁለቱን መደረብ ያስፈልጋል።

አጎቴ ሂሳብ ይወዳሉ። የሚቀንሱት ዴሲቤል በስፖንጁ ፓኬት ላይ 33፣ በመከላከያው ላይ 25 ተብሎ ተጽፎ አዩና «58!» አሉ። ይህም አይሆንም። ሁለቱ ሲደረቡ ከትልቁ ላይ የሚጨምረው 5 ያህል ብቻ ነው። 33ቱም ራሱ የሚገኘው በትክክል ከገባ ነው። ስፖንጁ በጣት ተጠቅልሎ ይቀጥናል፤ በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ ጆሮ ወደ ላይ ይሳባል፤ ይገባል፤ እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይያዛል። አጎቴ ይህን ሲያደርጉ ያያቸው ሰው እስክስታ የሚጀምሩ ይመስለዋል። ከጆሮ ደጃፍ ላይ ብቻ ሰክቶ የሚተኩስ ሰው ጌጥ ነው ያደረገው። ጥጥ የሚወትፈውም እንደዚያው ነው፤ ጥጥ ለፈትል ነው። የቀልሃ ቂጥ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩም አይቻለሁ።

«መስሚያ መሣሪያዬን ባጠፋውስ?» የሚሉም አሉ፤ አጎቴም ብለዋል። ልጃቸው የገዛችላቸው መሣሪያ ቀን ቀን የሚውለው ቡፌው ውስጥ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ነበር። ተኩስ ሜዳ ላይ ግን «እሱን አጥፍቼ ጆሮዬ ውስጥ ብተወው ውታፍ ይሆንልኛል» አሉ። አይሆንም። መሣሪያው አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው፤ ቢጠፋም ተኩሱ ይገባል። ማውጣት፣ ቦታው ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መከላከያ ማድረግ ነው። የጆሮ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ለራስ ጆሮ ልክ የተሠራ መከላከያ ማሠራትም ይቻላል።

ድምፅ ማፈኛ የሚገጠምበት ጠመንጃስ? እዚህ ላይ አንድ የአባትና ልጅ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 መትረየስን የሠራው ሂራም ማክሲም የገዛ መሣሪያው ድምፅ አደንቁሮት ነው ያረጀው። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በ1909 የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ አውጥቶ የፈጠራ መብት ተሰጠው። አባት አደነቆረ፣ ልጅ ካሰ እንበል። ይሁንና ማፈኛው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ነው የሚቀንሰው፤ ጥይቱም ከድምፅ ስለሚፈጥን እየሄደ የራሱን ጩኸት ይጮኻል። ሲኒማ ላይ እንደምናየው «ትፍ» ብሎ አይቀርም። ማፈኛም ቢኖር ጆሮ ይሸፈናል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ተኩሱ ጋብ ሲል የስፖንጁን ውታፍ አወጡ፤ መከላከያውም ሥራውን ጀመረ። ፊታቸው ተለወጠ። «ያቺ ወፍ እስካሁን ነበረች?» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕቃውን ከራሳቸው ላይ ማውረድ አቃታቸው። ቤት ይዘውት መጡ። ቡና ሲፈላ ሶፋው ጥግ ላይ አድርገውት ተቀመጡ። እንግዶቹ ሁለት ጊዜ እንደተደፈኑ ነው ያሰቡት፤ ድሮም አይሰሙም፣ አሁን ደግሞ ጆሯቸውን ዘጉ። ስለዚህ ወሬው ቀለለ። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የትኛው የእድር አባል ወርሃዊ መዋጮ እንዳልከፈለ፣ በመጨረሻም እትዬ ባላቸው አደን የሚሄዱት «ከቤት ሥራ ለመሸሽ» እንደሆነ ተወራ። አጎቴ ሁለተኛውን ስኒ ተቀብለው «እድሩን በተመለከተ እንኳ ሰውዬው ባለፈው ሳምንት ከፍሏል» አሉ። ዝምታው ለመግለጽ ያስቸግራል። በነጋታው እትዬ ትእዛዝ አወጡ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ያንን ዕቃ ለአውሬ አድርገው እንጂ ለሰው እንዳታደርገው!»

እትዬ በአንድ ነገር ልክ ናቸው። መከላከያው መስሚያ መሣሪያ አይደለም፤ ሁሉንም ድምፅ እኩል ያጎላል እንጂ የጠፋውን ለይቶ አይሞላም። ለቤት የሚሆነው በስኳር ዕቃው አጠገብ የነበረው ነው። እሱንም ቢሆን አሁን አውጥተውታል፤ ወሬ የሚያመልጣቸው አልመሰላቸውም ነበርና።

በጥቅምት ሁለቱ ሽማግሌዎች ተራራ ወጡ፤ እኔም ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩ። በኮሎራዶ ኤልክ በጠመንጃ ለሚያድን ሰው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ መልበስ ግዴታ ነው፤ አጎቴ ሮዝ የሚባለው ነገር ለአዳኝ መፈቀዱን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ብርቱካናማውን መረጡ። ኤልክ ያን የሚያህል አካል ይዞ ድምፁ ቀጭን ፉጨት ነው፤ ተኩስ ከሰው ጆሮ ውስጥ ቀድሞ ከሚያጠፋቸው ድምፆች ወገን። አጎቴ ያለ መከላከያው ሊሰሙት አይችሉም ነበር። ጎህ ሲቀድ ሰሙት። እጃቸውን አነሡና «እዚያ ነው» ብለው ጠቆሙ። ጎረቤታቸው ደግሞ ፍጹም ወደ ሌላ አቅጣጫ ጠቆመ። ይህ የዕቃው ጉድለት ነው፤ ድምፅ ያጎላል እንጂ ከየት እንደመጣ ለመለየት ያደናግራል። ኤልኩ ከሁለቱም ጠቋሚዎች ኋላ ወጣ።

ተኩሱ አንድ ብቻ ነበር፤ የአጎቴ ነው፤ አልሳተም። ሮጠው ደርሰው «በስመ አብ» ብለው ቢላዋቸውን አሳረፉበት። እትዬ ግን እስከዛሬ ድረስ «ነፍሱ ሳይወጣ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ?» እያሉ ይመረምራሉ። መልሱ ጾም እስኪገባ ካልተገኘ ሥጋው ለጎረቤት ነው። ለኔ ከሥጋው የበለጠው ከተኩሱ በኋላ የሆነው ነው። አጎቴን በቀኝም በግራም ሳልጠጋ፣ ድምፄንም ሳላነሣ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። «እንኳን አብሮ ደስ አለን፤ ምን ያንሾካሹክሃል?» አሉኝ።

አሁን ለሠርግ ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ዘመዶቼን ልለምን። ገጠር ሙሽራ ሲመጣ እንደሚተኮስ ታውቃላችሁ። ተኳሹን «አትተኩስ» ብትሉት አይሰማችሁም፤ አንድም ወግ ስለሆነ፣ አንድም በእውነት ስለማይሰማ። ቢያንስ እግሩ ሥር ቀልሃ ለመልቀም የሚሻሙትን ልጆች አርቁ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንድ ፓኬት የስፖንጅ ውታፍ ሻንጣ ውስጥ ጣሉ፤ አየር መንገድ በክብደቱ አይጠይቃችሁም። ከተኩስ በኋላ ጆሮው ተደፍኖበት ወይም እየጮኸበት አድሮ በማግሥቱ ያልተወው ሰው ካለ ደግሞ «ሰው እያማኝ ነው» እያለ አይቀመጥ፤ ድንገት የወረደ መስማት መድኃኒት የሚሠራለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ውሰዱት።